ሞላን ለማስፈታት ከይመር ጋር ደሴ ድረስ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ እኔም ስልሳ ስድስት ዓመቴ። ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ሰሞን በመሠረተ ትምህርት ዳስ ውስጥ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካለው አገራችን ወጥተው ለማያውቁ፣ ወደፊትም ለማይወጡ ሰዎች ነው። በየሰንበቱ «አያ ቢሻው፣ ደሴ እንዴት ያለ ነው?» ይሉኛል። እኔ ደሴን ለማየት አልሄድሁም። የሄድሁት ያሳደግሁትን የልጄን ልጅ ሞላን ይዤ ልመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ገብሱ ሲደርስ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ማሳውን ይፈጀው ነበር። ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ጥበቃ ወጡ። ሞላ ከላይኛው እርከን ሆኖ ወደ ጭላዳው የወረወረው ድንጋይ ከታችኛው እርከን የነበረውን የጎረቤታችንን የይመርን ልጅ፣ ጌታሁንን፣ ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘው። ጌታሁን በዚያው ቀረ። ሞላ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጌታሁን በትንሽ ይበልጠዋል። ሞላን ወንጭፍ ያስተማረውም እሱ ራሱ ጌታሁን ነበር።

ደም ነውና ከይመር ቤት ጋር ከአንድ ምንጭ መቅዳት እንኳ ቀረ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌና ቄስ ገብቶ ታረቅን። የእኛን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ገመድ በአንገቱ አግብቶ ይቀርባል። «ገድያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ» ይላል። ከዚያ በላይ ቃል አይጨምርም። «ሳላውቅ ነው፣ ዝንጀሮ መስሎኝ ነው» አይባልም። ምክንያት ከጨመረበት የሟች ወገን ልጃችን በከንቱ ሞተ ብለው ያዝናሉ፣ የበረደው ደም እንደገና ይነሣል። ሞላም ድንጋዩን ተሸክሞ እንደ ትልቅ ሰው ቃሉን አለ። ይመር ድንጋዩን በገዛ እጁ ከትከሻው አወረደለት። የጌታሁን ታናሽ ወንድም ለጥበቃ እስኪደርስ ድረስ የይመርን ገብስ ሞላ እንዲጠብቅ ተወሰነና ከአንድ ዋንጫ ጠጣን።

የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ደግ ልጅ ነው። «በመንግሥትም ዘንድ ያለቀ ይሁን» ብሎ እርቁንም ሞላ ያለውንም እንዳለ ጽፎ ወደ ወረዳ ላከው። እኛም መረቅነው። ወረዳው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያየው «ገድያለሁ» የምትለዋን ነው። ሳይቆይ ሚሊሻ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ልጁን ሽቅብ ሽቅብ ወሰዱት። ገበሬ ማኅበሩ በዘር ጎተራው ውስጥ አሳደረውና «ደም ከእኛ በላይ ነው» ብሎ ለወረዳ ሰጠው። ወረዳው «ልጅ የምናስርበት ክፍል የለንም» ብሎ ላሊበላ ላለው አውራጃ ሰጠው። አውራጃው ከትልልቅ ሰዎች ጋር ወህኒ ቤት አስገባው። ስንቁን በየቅዳሜው ገበያተኛ ያደርስልን ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ስንቁ ከነከረጢቱ ተመለሰ። «ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል» አሉ። እናቱ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ያችን ከረጢት ሳትፈታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ማየት ጀመረች። እኔ ያንን ማየት አልቻልሁም። «እሄዳለሁ» አልሁ።

ይመር በማታው መጣ። «ብቻዎን አይሄዱም» አለኝ።

«አንተ ምን ልትሠራ?»

«የሞተው የእኔ ልጅ አይደለም? እኔ ሳልቀርብ ማን ይሰማዎታል?»

«እንግዲያው ሰኞ ሳይነጋ» አልሁት።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። የሰኔ ጾም ገብቶ ስለነበር ለራሳችን በሶ ብቻ ያዝን። የሞላ ስንቅ ለብቻው ነው፤ እናቱ ያችኑ ከረጢት ፈትታ አዲስ ዳቦ ቆሎ ሞልታባት እኔ ተሸክሜያታለሁ። በይመር ማሳ በኩል ስናልፍ የበልጉ ገብስ ገና ማሸቱ ነበር። ይመር አንዱን ዛላ በጣቱ ዳሰሰና አለፈ።

«ከረጢቷን ልያዝልዎ» አለኝ ዳገቱ ሲጀምር።

«እምቢ።»

«ሽቅብ ነው እኮ አያ ቢሻው።»

«ሽቅቡን ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ።»

ጅብራ ከሚበቅልበት ከፍታ ስንደርስ ትንፋሼ አጠረ። ይመር ከረጢቷን ከትከሻዬ አነሣት። እኔም ተውሁለት። ቀኑን ሙሉ ያወራነው ይኸው ነው ብል አልዋሸሁም።

ሊመሽ ሲል ላሊበላ ወረድንና የእህቴ ልጅ አስናቁ ቤት አደርን። እግራችንን በሞቀ ውሃ አጠበችን። ይመር ማን እንደሆነ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። እራት ስታቀርብ ለእኔ አንድ ሳሕን፣ ለይመር ሌላ ሳሕን አድርጋ አራርቃ አስቀመጠች። ደም የተቃቡ ሰዎች ከአንድ ገበታ አይበሉም፤ ልማዱን መጠበቋ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኋት።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ…»

«ታርቀናል። አንድ አድርጊው።»

አፍራ ሁለቱንም አነሣችና በትልቁ ገበታ ሽሮ አቀረበች። ይመር መጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ። አስናቁ ምሰሶውን ተደግፋ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ትጠርግ ነበር። የእሷ ሽሮ ከእኛ ቤት ይጣፍጣል፤ ሽምብራው የወይና ደጋ ነው።

ማክሰኞ ጧት ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአፋፉ ሆነን ተሳለምንና ወደ አውራጃው ቢሮ ሄድን። ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሌላ ሰው ይጽፋል። እኔ ያየሁት ወረፋ ነው። ተራችን ሲደርስ አንድ ሹም፣ ልጅ እግር ነው፣ ቁጭ በሉ አለን።

«ምን ልርዳችሁ ጓዶች?»

«እኔ ጓድ የለኝም፤ ይሄ ጎረቤቴ ነው» አልሁት። ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሞላን ስም ስነግረው አወቀው።

«አባባ፣ ሕጉ ልጅን ከአዋቂ ጋር አታስሩ ይላል። እኛ ዘንድ ለልጅ የተለየ ቤት የለም። ስለዚህ ወደ ክፍለ ሀገር ላክነው።»

«ደሴ ለልጅ የተለየ ቤት አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ወሰዳችሁት?»

«እዚህም ስለሌለ ነዋ። የልጆች ማረሚያ ያለው አዲስ አበባ ነው። እዚያ እስኪላክ ክፍለ ሀገሩ ያቆየዋል።»

«ማን ያበላዋል?»

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እሱ እንኳ…» ብሎ ተወው።

እኛ ዘንድ የሰው ከብት እህል በልቶ ቢያዝ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ የያዘው ሰው ሣርና ውሃ ይሰጠዋል። በቁጣ የያዘውም ቢሆን ይሰጠዋል። ይህን ነገርሁት። አልተቆጣም። ይልቅ በሩን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ መከረን። ሰኞ ደሴ ላይ ዳኛ ፊት ይቀርባል አለን። የሟች አባት ቀርቦ ታርቄያለሁ ቢል፣ አሳዳጊው እኔ እይዘዋለሁ ቢል፣ ዳኛው ለቤተሰቡ ሊመልሰው ይችላል።

«ግን ልጁ ራሱ በአንደበቱ "አስቤ አይደለም፣ ዝንጀሮ መስሎኝ ነው" ይበል። እዚህ ስንጠይቀው እምቢ ብሏል። "ገድያለሁ፣ ማሩኝ" ብቻ ነው የሚለው። ይህን ካለ የዳኛው እጅ የታሰረ ነው።»

ከቢሮው ስንወጣ ይመር ደረጃው ላይ ቆመ። «በእርቁ ቀን እኛ ፊት ያለውን ነው የሚደግመው» አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለሁለታችንም የገባን።

ረቡዕ እህል ጭኖ ወደ ወልዲያ በሚመለስ የጭነት መኪና ከጆንያ ላይ ተሳፈርን። እኔም ይመርም መኪና ስንወጣ የመጀመሪያችን ነው። እውነቱን ለመናገር ኩልመስክ ሳንደርስ ሁለታችንም አስመለሰን። ጆንያው ላይ ስላስመለስን ረዳቱ ብዙ ሰደበን፤ ልክ ነው፣ የሰው እህል ነው። ከዚያ ዱላዬ ወደቀ። «አቁም» ብዬ የጋቢናውን ጣራ ደበደብሁ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ለእንጨት መኪና አላቆምም» አለ። «እኔ ግን እዘላለሁ» ብዬ እግሬን ወደ ውጭ አወጣሁ። ይመር በጋቢዬ ይዞ አስቀረኝ። ሾፌሩ እያጉረመረመ አቆመ፤ ረዳቱም ሮጦ ዱላዬን አመጣልኝ፣ ጆንያው ላይ ያስመለስሁት እኔው ሆኜ ሳለ። እኛ አገር በቅሎ የሚነዳ ሰው ለመንገደኛ ዱላ ሲል ይቆማል። ሾፌርም ሰው ነው፣ ግን መኪናው ያስቸኩለዋል።

ወልዲያ መግቢያ ኬላ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ አስወረደን። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር አይኬድም። ይለፋችንን አገላብጦ አየ።

«ምንና ምን ናችሁ?»

«ጎረቤታሞች» አልሁት።

«ዝምድና የላችሁም?»

ይመር ቀደመኝ። «የእሳቸው የልጅ ልጅ የእኔን ልጅ ገድሎታል» አለ።

ጎረምሳው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ታዲያ አንድ ላይ ወዴት?»

«ደሴ። ልጁን ልናስፈታ።»

«የሟች አባት ነኝ አላልኸኝም?»

«ነኝ።»

«ጠጥተሃል እንዴ?»

«በጾም አልጠጣም» አለ ይመር።

ጎረምሳው አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም የበላዩን ጠራ። እዚያም ጉዳያችን ወደ ላይ ወጣ። የመጨረሻው ሽበታም ሰው ነው። ይመርን ረጅም ጊዜ አየውና «ውሃ ስጧቸው፤ ይለፉ» አለ። ከኬላው ርቀን ስዞር አሁንም ቆሞ ያየናል።

ወልዲያ አልጋ ተከራይተን ትኋን አባረረን። ሌሊቱን ያጋመስነው ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነው። የእኛ ቁንጫ ይሻላል፤ ዘልሎ ይሄዳል።

ሐሙስ በአውቶቡስ ወጣን። መርሳ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ አይነሣም ተባለ። የመርሳ ሙቀት ለእኛ ለደጋ ሰዎች አይቻልም። ጋቢ ለብሼ በፀሐይ ስንገላታ አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር ቤቷ ወጥታ «አባቶቼ፣ ከጥላ ግቡ» አለችን። ዘሀራ ትባላለች። ባሏ ሞቷል፣ ማሽላ ታርሳለች። ልጇ ከሚሊሻ ጋር ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። ወተት በቅል አቀረበችልን። ጾም መሆኑን ስነግራት «ረስቼው ነው፣ አፉ በሉኝ» ብላ አነሣችና የማሽላ እንጀራ በምስር አመጣች። ከዚያ ፓፓያ የሚሉትን ፍሬ ሰጠችን። እኔ ከነዘሩ በላሁት። ዘሀራ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።

«አባባ፣ ጥቁሩ ይተፋል እኮ።»

«የሰጡኝን አልተፋም» አልኋት። ሆዴ ግን እስከ ደሴ ነገረኝ።

ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ነገራችንን ጠየቀችን። ይመር ራሱ ነገራት። ስለ ጌታሁን ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። በግራ እጁ ይወረውር እንደነበር፣ ሲወረውር ምላሱን ያወጣ እንደነበር ነገራት። እኔ የማላውቀውን ነገር ለማያውቃት ሴት ነገራት። ዘሀራ እስኪጨርስ ሰማችና፣

«እናንተ ዘንድ ለዝንጀሮ ድንጋይ ነው?» አለች።

«ሌላ ምን አለ?»

«እኛ ለማሽላው ቆርቆሮ ነው የምንመታው። ዝንጀሮውም ወፉም ይሸሻል።» በሩ ጥግ የተሰቀለ የጋዝ ቆርቆሮ አሳየችን። ይመር ቆርቆሮውን አየ፣ አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ጨለማው አዞረ። ዘሀራም መናገሯ ጸጸታት መሰለኝ፣ ተነሥታ ምንጣፍ ታነጥፍልን ጀመር።

ዓርብ ደሴ ገባን። ደሴ ብርዱ የእኛን አገር ይመስላል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል። ሰዉ ግን ብዙ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ «እንዴት ዋላችሁ» እያልሁ ጥቂት ከሄድሁ በኋላ ይመር ክንዴን ያዘ። «አያ ቢሻው ይተዉ፤ አያልቁም» አለኝ። የመለሰልኝም ጥቂት ነው።

ወህኒው በር ላይ «የጥየቃ ቀን እሑድ ነው» አሉን። ስንቁን ተቀበሉን። በረኛው አንድ አሥር አለቃ፣ የዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ከዳቦ ቆሎው እኔን አስቀመሰኝ፤ ደንባቸው ነው። ከአገር ከወጣሁ ከዚያች ከረጢት የበላሁት ያችን አንዲት ጭብጥ ነው። ማታ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አደርን። አንድ መነኩሴ ቅዳሜን ጭምር ቆሎና ውሃ አላጓደሉብንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። በእስረኛውና በጠያቂው መካከል ሁለት አጥር አለ፤ ሁሉም ይጮኻል። ሞላ መጣ። ራሱን ተላጭቷል፣ ቁመቱ ጨምሯል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ከጎኑ አንድ ጢማም ሰው ትከሻውን ይዞታል። በኋላ እንደሰማነው ከወገል ጤና በኩል የመጣ የከብት ሌባ ነው። ስንቅ በማይመጣለት ጊዜ ሁሉ ከራሱ ስንቅ ለሞላ እኩል ያካፍለው የነበረ እሱ ነው። ከገበሬ ማኅበር እስከ ክፍለ ሀገር ካሰሩት ሁሉ ያበላው የከብት ሌባው ነው። ስሙን ለጸሎት ይዤዋለሁ።

ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህሁ። «ነገ ዳኛው ሲጠይቅህ "አስቤ አይደለም፣ ዝንጀሮ መስሎኝ ነው" በል። ሰማኸኝ ወይ?»

ሞላ ራሱን ነቀነቀ። ሰምቷል። ከዚያ ዐይኑ ከእኔ አልፎ ወደ ይመር ሄደ። ይመር እጁን አነሣለት። ሞላ ወደ መሬት አየ።

ሰኞ ችሎት ቀረብን። ዳኛው መነጽር ያደረገ ጸጥተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ ይመርን ጠየቀው።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ልጁን መልሱልኝ።»

«የማንን ልጅ?»

«ሞላን። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ይሄኛውን ደግሞ እናንተ አትውሰዱብኝ።»

 ዳኛው እኔንም ጠየቀኝ፤ «እኔ እይዘዋለሁ፣ በነፍሴም ዋስ ነኝ» አልሁ። ከዚያ ወደ ሞላ ዞረና ድምፁን አለሰለሰ።

«ሆን ብለህ ነው የመታኸው?»

ሞላ ይመርን አየ። ይመር ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ «በል፣ በል» ይለዋል። ሞላ እጁን ወደ ትከሻው አነሣ፣ ያን ድንጋይ እንደያዘ ሁሉ።

«ገድያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ» አለ።

«ዝንጀሮ መስሎህ ነው?»

ሞላ እጁን ከትከሻው አላወረደም።

«ልጄ፣ አትፍራ። አስበህ ነው ወይስ ሳታስብ?»

«ገድያለሁ።»

እኔ ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ይህ የእርቅ ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ካልተባለ…» ስል ዘቡ አስቀመጠኝ። እንደገና ተነሣሁ፣ እንደገና አስቀመጠኝ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። ልጁ ባመነበት ነገር ወደ ቤት ልልከው አልችልም አለ። አዲስ አበባ ወዳለው የልጆች ማረሚያ ሄዶ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ይቆይ፤ እዚያ ከእኩዮቹ ጋር ይሆናል፣ ይማራል አለ። መኪናና አጃቢ እስኪገኝ ግን እዚያው ወህኒ ይቆያል። መቼ እንደሚገኝ ጠየቅሁት። «እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። በንዴት አላለውም፣ እያዘነ ነው ያለው። ሥራው የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ያ አሥር አለቃ ልጁን ወደ ወህኒ ከመመለሱ በፊት ከዛፍ ሥር አቆመልንና ጀርባውን ሰጠን።

«ትናንት ሰምተኸኝ ነበር?» አልሁት ሞላን።

«ሰምቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላልህም?»

«ድንጋዩን ካወረዱልኝ በኋላ ምክንያት ብጨምር ደሙ ይነሣል ተብዬ የለም?» ቀና ብሎ ይመርን አየ። «አያ ይመር ፊት እንዴት እላለሁ?»

«እኔ እኮ በል አልሁህ» አለ ይመር። 

«አሁን ነው ያሉኝ። ያን ጊዜ እያለቀሱ ነበር።»

 ይህን ልጅ ግትር የሚለው ሰው ካለ፣ የእኔ ዘር ነው። ዋሸም አልለውም፤ ሥርዓታችንም ስሕተት ነው አልልም። ብቻ ያ ቃል የተባለው ለይመር ነበር፤ እኛ ግን መንግሥት እንዲሰማው አደረግን።

ሞላ ከብብቱ በሱፍ የተሠራ ቆብ አወጣ። ወህኒ ውስጥ ተምሮ ነው። ለእኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ለይመር ሰጠው። «ለትንሹ ነው። ማሳው ላይ ጧት ጧት ይበርዳል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የበልጉን ገብስ ማን ይጠብቃል?»

«እኔ።»

«ዐይንዎ ደክሟል እኮ።»

«ለጭላዳ ይበቃኛል።»

ፈገግ ሊል ነበር። አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ሞላ ጉልበታችንን ስሞ ሄደ። በሩ ውስጥ ሲገባ ያ ጢማም ሰው ቆሞ ሲጠብቀው አየሁ።

መመለሻውን አላረዝምም። ማክሰኞ መርሳ ላይ ወርደን ዘሀራ ዘንድ አደርን። ከፊታችን አወቀችው፤ ምንም አልጠየቀችንም። ጧት ስንነሣ ቆርቆሮዋን ከግድግዳው አውርዳ ለይመር ሳይሆን ለእኔ ሰጠችኝ። «ኢንሻአላህ ይመለሳል» አለች። የእሷንም ልጅ እንዲመልስላት እኔ በእኔ አምላክ ለመንሁላት። ሐሙስ በጭነት መኪና ላሊበላ ገባን፤ ዱላዬን በገመድ ከወገቤ ጋር አስሬው ነበር። አስናቁ ሳንጠይቃት አንድ ገበታ አቀረበች።

ዓርብ ሲመሽ ቤት ደረስን። ልጄ ከደጅ ቆማ ነበር። ከሁለታችን ሌላ ሰው ከኋላችን ይመጣ እንደሆን ብላ መንገዱን አየች። ባዶዋን ከረጢት ሰጠኋት። «በልቷል» አልኋት። መጀመሪያ የተናገርሁት ይኸን ነው። ሌላውን ይመር ነገራት፤ እሷም የይመርን ትከሻ ይዛ አለቀሰች፣ ይመርም አለቀሰ። ጌታሁን ሲሞት ደም ተቃብተን ስለነበር አብረው አላለቀሱም።

በማግስቱ ጧት ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁና ቆርቆሮዬን ይዤ ወደ ይመር ማሳ ወጣሁ። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ላይኛው እርከን ላይ፣ ሞላ ቆሞበት በነበረው ቦታ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይቶ የይመር ትንሹ ልጅ ያችን ቆብ አድርጎ መጣና ታች እርከን ላይ ሊቆም ሲል «ከጎኔ ና» ብዬ ጠራሁት። ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ብቅ አሉ። ቆርቆሮውን መታሁት። ቆመው አዩኝ። ደግሜ መታሁት። እጄ ውስጥ ድንጋይ አልነበረም።